ቁጥር ሁለት ዝም ሲል

ኤፕሪል 6፣ ኮይምባቶር

ይህን ደብተር የገዛሁት የዕቃ መውጫ ልጽፍበት ነበር። ዛሬ የራሴን ነገር እጀምርበታለሁ። ለሰው የማልናገረው ሲበዛ የሆነ ቦታ መቀመጥ አለበት።

ጠዋት ሱቅ እንደከፈትኩ ኢንጂነር ሬጂና ከባሕሩ ዳር፣ ከኑክሌር ጣቢያው ደወለች። ያቀረብንላቸው ፓምፕ፣ ቁጥር ሁለት፣ በሙከራ ላይ ተሰባብሯል። ዋናው መስመር ተዘግቶ ቁጥር አንድና ቁጥር ሁለት አብረው ተነስተዋል፤ ውሃው በትንሿ መመለሻ ቧንቧ ብቻ ወደ ታንኩ ይመለስ ነበር። ሃያ ሁለት ደቂቃ ሠሩ። ከዚያ ቁጥር ሁለት ማሸጊያውን ተፍቶ እንፋሎትና ብረት ረጨ። ኢሳኪ አጠገቡ ነበር።

ኢሳኪ የፓምፕ ቤቱ ፎርማን ነው፤ የሟች ባሌ የአክስት ልጅ። ሥራውን ያስገኘሁለት እኔ ነኝ።

"በሕይወት አለ?" አልኳት።

"አለ። ፊቱ ግን..." አለችና ተወችው። ታላቅ እህት ለማለት አካ ትለኛለች። "አካ፣ እነዚህ ፓምፖች እኮ የማብላያው ውሃ የጠፋ ቀን ውሃ የሚያደርሱ ናቸው። ሌላ ሥራ የላቸውም። ዛሬ ያ ቀን ቢሆን ኖሮስ?"

ስልኩን ገና ከጆሮዬ ሳላነሳ ፓምፖቻችንን የሚሠራው ወንድሜ ሴንጎዳን ከባንኮኒው ማዶ "የናላሲቫም ቫልቭ ነው" አለ፤ የሰፈራችንን ቫልቭ ሠሪ ማለቱ ነው።

ምን እንደተሰበረ ገና አልነገርኩትም ነበር።

ኤፕሪል 8

ጣቢያው ደርሼ ተመለስኩ። አውቶቡሱ ሙሉ ቀን ፈጀ።

ፓምፑን ፈትተው ሸራ ላይ ዘርግተውታል። በዚህ ሥራ ሠላሳ ዓመት ቆይቻለሁ፤ እንዲህ የተደበደበ ብረት አላየሁም። ዘንጉ ተጣሟል። ማሸጊያው ከስሏል። ሰው ፓምፕ የሚሰበረው ሲደክም ይመስለዋል። ፓምፕ ግን መውጫ ያጣ ውሃ ሲይዝ ነው የሚሞተው። ያንኑ ውሃ ይደበድበዋል፣ ይደበድበዋል፣ እስኪፈላ ድረስ፤ ሲፈላ ደግሞ ውሃው ተራውን ይደበድበዋል። መመለሻ ቧንቧ የተሠራው ለዚህ ነው፦ ዋናው በር ሲዘጋ ጥቂት ውሃ እያለፈ ፓምፑን እንዲያቀዘቅዘው። ከእያንዳንዱ ፓምፕ ቅርንጫፍ ይወጣል፤ ቅርንጫፉ ላይ ውሃ ወደ ኋላ እንዳይመለስ የናላሲቫም አንድ አቅጣጫ ቫልቭ አለ፤ ከዚያ ሁለቱ ቅርንጫፎች አንድ ቧንቧ ውስጥ ይገናኛሉ። አንዱ ቧንቧ የእኔ ነው።

ውሃ የሚገፋውን ባለክንፍ መዘውር በእጄ አነሳሁት። ክንፎቹ ተቦርቡረዋል። ጫፋቸው ግን ወፍራም ነው፤ ከማቅለጫ እንደወጡ ናቸው። መልሼ አስቀመጥኩት።

ሆስፒታል ገባሁ። ኢሳኪ አንድ ዓይኑ ብቻ ከፋሻው ውጭ ነው።

"አካ፣ እውነቱን ንገሪኝ፣ ቆንጆ ነበርኩ?"

"አልነበርክም።"

"እንግዲያው ብዙ አልጎደለብኝም።" ሊስቅ ሲል ከንፈሩ ደማ። ደሙን ልሶ "ፓምፑ መጀመሪያ ጮኸ" አለኝ። "ጠጠር የምትፈጭ ወፍጮ በይው። ወለሉ ጫማዬ ውስጥ ይንቀጠቀጥ ነበር። ላጠፋው እጄን ስዘረጋ ዝም አለ። ጭጭ። ተረጋጋ ብዬ ጆሮዬን ላስጠጋ ሄድኩ። የሄድኩት እኮ ዝም ስላለ ነው፣ አካ።"

ይህን ሦስት ጊዜ ነገረኝ። ሚስቱ እንድወጣ በዓይኗ አሳየችኝ።

ኤፕሪል 10

ለሥራ ተቋራጩ ደብዳቤ ላክሁ። አጭር ነው፤ ሐሰት የለበትም። "የቁጥር ሁለት አንድ አቅጣጫ ቫልቭ ተዘግቶ ተገኝቷል" ይላል። ተዘግቶ ነው የተገኘው። ሸራው ላይ አይቼዋለሁ።

ሻይ ቤቱ በር ላይ ሁለት ፎርማኖች ሲያወሩ ሰማሁ። አንዱ "የሲቫካሚ ዕቃ ሰው ቀቀለ" አለ። ሌላው "እሷ ግን አልተቀቀለችም፤ ድሮም ቀዝቃዛ ናት" አለው። ሲያዩኝ ስለ ክሪኬት ጀመሩ።

ኤፕሪል 13

ሴንጎዳን አራት ሰው ይዞ ናላሲቫም ግቢ ገባ። ቫልቮቹን ጣቢያው ላይ የገጠመውን የናላሲቫም ሠራተኛ ቼላዱራይን ከጭነት መኪናው ላይ ጎትተው አወረዱት። ሴንጎዳን በቧንቧ መፍቻ አገጩን መታው። አንዴ አይደለም። ጥርሶቹን በጨርቅ ለቅመው ሆስፒታል ወሰዱለት ይላሉ።

ወንድሜ ተመልሶ እጁን በሱቁ ጓሮ ታጠበ። "አሁን ቫልቭ እንዴት እንደሚገጠም ያስታውሳል" አለ።

"ማን ላከህ?"

"ማን ይልከኛል? ውሻሽ ነኝ እንዴ?"

እኔ አላክሁትም። ቁርስ ላይ ስለ ጭነት ስናወራ ናላሲቫም ዛሬ አራት ሰዓት ላይ እንደሚጭን፣ ዘበኛውም ሠርግ እንደሄደበት ተናግሬያለሁ። የሰፈሩን ጭነት ማወቅ ለነጋዴ ሥራው ነው። የሩዝ ዳቦው፣ ኢድሊው፣ እየቀዘቀዘ ስለነበር ወሬው ያን ያህል አልተራዘመም።

ኤፕሪል 16

መጋዘናችን ነደደ። በጠራራ ፀሐይ፣ ስምንት ሰዓት ላይ። መንገዱ ሙሉ ሰው ቆሞ ያያል። የጎማ ማሸጊያ ሲነድ ጭሱ አፍ ውስጥ ይጣበቃል። ዘይት በርሜል ፈነዳ። የጎረቤት ላም ሞተች።

ማንም ምንም አላየም።

ኤፕሪል 17

አመዱ ውስጥ ገብቼ የሚተርፈውን ለየሁ። የነሐስ ዕቃ ቀልጦ ወለሉ ላይ ተኝቷል። የሴንጎዳን የሥራ ጠረጴዛ ግማሹ ቀርቷል፤ መሳቢያው ውስጥ ግማሽ ክብ ሞረዱ እጀታው ነዶ ብረቱ አለ። በመጋረጃ ጨርቅ ጠቅልዬ ቤት አመጣሁት። የተቃጠለ ሞረድ ለምን ይጠቅማል? ጥርሱ ለስልሷል።

ኤፕሪል 22

ሬጂና መጣች። ስምንት ሰዓት ተጉዛ በቀጥታ ወደ ሱቁ። ሻይና በዘይት የተጠበሰ የሩዝ ሙሩኩ አቀረብኩላት፤ ሙሩኩውን አልነካችም።

ወረቀት አወጣች። "አካ፣ ቁጥር አንድና ቁጥር ሁለት መንትያ ናቸው ብላችሁናል።"

"ናቸው። ከአንድ ሻጋታ ነው የወጡት።"

"ሁለቱም እዚህ ኮይምባቶር ተፈትነዋል?"

"ወረቀቱ እጅሽ ላይ ነው።"

"ወረቀቱንማ በቃሌ ይዤዋለሁ። የሁለቱ ቁጥር እስከ ነጥቡ አንድ ነው። የአንድ እናት መንትያ እንኳ ክብደቱ ይለያያል።"

"የቁጥር ሁለት ላይ 'እንደ ቁጥር አንድ' ነው የሚለው። የእናንተው ተቆጣጣሪ ፈርሞበታል።"

"ፈርሟል። እኔ ስለ ፊርማ አልጠየቅኩዎትም።" እስክሪብቶዋን ጠረጴዛው ላይ አጋደመች። "ሁለት ሰው በአንድ ጠባብ በር ሊወጣ ይጋፋል እንበል። ጉልበታቸው እኩል ከሆነ ተያይዘውም ቢሆን ይወጣሉ። አንዱ ትንሽ ከበረታ ግን በሩን ይሞላዋል፤ ሌላው ውስጥ ይቀራል። ቁጥር አንድ ከቁጥር ሁለት በርትቶ ቢሆንስ? ግፊቱ በጋራው ቧንቧ ዞሮ የቁጥር ሁለትን ቫልቭ ይዘጋዋል። ቁጥር ሁለት ታፍኖ ይፈላል። ቫልቩ አልተበላሸም ማለት ነው።"

"መንትያ ናቸው አልኩሽ።"

"ሁለተኛው ጥንድስ፣ ሦስትና አራት?"

"እነሱም።"

አመሰገነችኝ። ስትወጣ ለሾፌሯ የምትለውን በመስኮት ሰማሁ፦ "ይህች ሴትዮ ዋጋ ስትጠራ እንኳ እንደዚህ ቶሎ አትመልስም።"

ጎበዝ ልጅ ናት። ያሳደጋት ዓሣ አጥማጅ ነው አሉ።

ኤፕሪል 22፣ ማታ

ስለ አንዱ ቧንቧ ልጻፍ፤ ሌላ የሚጽፈው የለም።

ጃንዋሪ ላይ ተቋራጩ ለእያንዳንዱ ፓምፕ የራሱ መመለሻ ይፈልግ ነበር። ቦታው ጠበበ፤ ጊዜው አለቀ። ስብሰባው ላይ እኔም ነበርኩ። "ለመንትያ አንድ መንገድ አይበቃም?" አልኩ። ይህችን ነው ያልኩት። መጋዘኔ ውስጥ ተስማሚ ወፍራም ቧንቧ ተቀምጦ ነበር፤ ለሌላ ሰው አሠርቼው የቀረብኝ። መሐንዲሶቹ አሰሉ፣ ፈረሙ። ማሰብ የእነሱ ሥራ ነው። እኔ ነጋዴ ነኝ፤ ያለኝን አሳያለሁ።

ሁለት ጊዜ ተነስቼ በሩ መቆለፉን አየሁ።

ኤፕሪል 30

ሴንጎዳንን አበባ ተራ ላይ በማጭድ ቆረጡት። የቼላዱራይ ወንድሞች ናቸው፤ ፊታቸውን እንኳ አልሸፈኑም። አንገቱ ላይ ሲያነጣጥሩ እጁን አነሳ። የቀኝ እጁ ሁለት ጣት ሄደ፤ ክርኑ ድረስ ሥጋው ተገለጠ። ደሙ ጃስሚኑ ላይ ፈሰሰ። አበባ ሻጯ "ዕቃዬን፣ ዕቃዬን" ትላለች። እኔ ደርሼ እጁን በሳሪዬ ጫፍ ጠቅልዬ ያዝኩት። ልብ እጅ ውስጥ እንዳለ አላውቅም ነበር፤ መዳፌ ላይ ይመታ ነበር።

ጣቶቹ አልተገኙም። ሞረድ የሚይዝባቸው ናቸው።

ሜይ 3

ሐኪሙ እጁ ይተርፋል አለ። ሴንጎዳን ሲነቃ "በግራዬም እገለዋለሁ" አለ። "ማንን?" አልኩት። ዝርዝር አለው።

ሜይ 6

ናላሲቫም ብቻውን መጣ። ሰባ ዓመት አልፎታል፤ ከባሌ ጋር አንድ ማሽን ላይ ያደገ ሰው ነው። ጆንያ ተሸክሟል። ሠራተኞቼ ዱላ አነሱ። "ተዉት" አልኩ።

ጆንያውን ባንኮኒው ላይ ገለበጠው። የቁጥር ሁለት ቫልቭ ነው። ሬጂና ናት የሰጠችው።

"ክፈቺው" አለኝ።

"አኔ፣ ታላቅ ወንድሜ፣ ለምን መጡ? መንገድ ላይ ቢገድሉዎትስ?"

"ያንቺ ሰዎች? ከመጋዘንሽ ጋር መፍቻቸው ነዷል። ክፈቺው።"

ከፈትኩት። ክዳኑ እንደ በር ይወዛወዛል። አልተጣበቀም፤ አልተቧጨረም። በጣቴ ስገፋው በትክክል መቀመጫው ላይ ገባ። ጥሩ ሥራ ነው። ባሌ ቢያየው ያመሰግነው ነበር።

"ሥራውን ሠርቷል" አለ። "ከውጭ ገፉት፣ ተዘጋ። ለዚህ ነው የሠራሁት። ማን ገፋው፣ ሲቫካሚ?"

ክዳኑን እንደገና በጣቴ ገፋሁት።

"ቼላዱራይ በቀጭን ቱቦ ሾርባ ይጠጣል። እናቱ ምን እንዳጠፋ ትጠይቀኛለች። ምን ልበላት? ቫልቭ በደንብ ገጠመ ልበላት?"

"ወንድሜን እኔ አላክሁትም።"

"የሱን ወንድሞች እኔ እንዳላክኋቸው ነዋ። እኔም ያን ቀን ሴንጎዳን አበባ ተራ ነው የሚውለው ብቻ ነው ያልኩት።" ዓይኔን ሳይለቅ ተቀመጠ። "አታስመስዪብኝ። እዚህ ከተማ ጥንድ ፓምፕ ሲታዘዝ ተቆጣጣሪው አንዱን ብቻ እንደሚያይ ማን የማያውቅ አለ? የሚታየውን እናስውበዋለን። የክንፎቹን ጫፍ በሞረድ እናሳሳለን፤ ውሃውን ጥቂት ሜትር አብልጦ ይገፋል፤ ፈተናውን አልፎ ይተርፈዋል። ሁለተኛው እንደ አንደኛው ተብሎ ይፈረምለታል። እኔም እሞርዳለሁ። አባቴም ሞርዷል። ሙሽራ ፊቷን ታጥባ እንደመቅረብ ነው፤ ማንንም ጎድቶ አያውቅም። እያንዳንዱ ፓምፕ የራሱ ጉድጓድ፣ የራሱ ቧንቧ ስላለው ማን ከማን እንደበረታ አይጠየቅም።" ቫልቩን ወደ ጆንያው መለሰ። "እኔ ግን የሞረድኩትንና ያልሞረድኩትን አንድ ቧንቧ ላይ አጋብቼ አላውቅም።"

ደጁ ላይ ሲደርስ ዞረ። "ባልሽ ቢኖር ይህን ቧንቧ አይሸጥም ነበር።"

ስድብ ሰምቼ አውቃለሁ። ይህ ስድብ አልነበረም።

ሜይ 7

ከተሞረደው የተላጨ ብረት ያበራል። በፈተናው ቀን ሴንጎዳን እጅጌው ላይ ያብረቀርቅ ነበር። ተቆጣጣሪው "ብር የምትሠራ መስለሃል" ብሎት ሳቅን። ሁላችንም።

ሜይ 15

ቼላዱራይ ሞተ። አገጩ አመርቅዞ ወደ ደሙ ገባ። ሠላሳ አራት ዓመቱ ነበር።

የቀብሩ ከበሮ በሱቃችን ፊት አለፈ። ሆን ብለው ነው በዚህ ያመጡት። መዝጊያውን በድንጋይ ደበደቡት። ውስጥ ቆሜ ሰማሁ። እናቱ ስትጮህ ስሜን አልጠራችም፤ "ምን አድርጎ?" ብቻ ትል ነበር። ምን አድርጎ፣ ምን አድርጎ።

ፖሊስ ሴንጎዳንን ይፈልጋል። ፖላቺ፣ የአክስታችን የኮኮነት እርሻ ውስጥ ነው። ለፖሊስ አላውቅም አልኩ።

ሜይ 19

ፖላቺ ሄድኩ። ሴንጎዳን የሰው ፊት አይመስልም፤ ጺሙ አድጓል፤ እጁ ይሸታል። ኮኮነት መክፈቻ ቢላ በግራ እጁ ይለማመዳል።

"ሦስትና አራትን እንዴት ነው የሠራሃቸው?" አልኩት።

"ምን ማለትሽ ነው?"

"ቁጥር ሦስትን ሞርደሃል?"

"ተቆጣጣሪው ያየው ሦስትን ነው። ያየውን ሞረድኩ። አዲስ ነገር ነው?"

"አራትስ?"

"አራትን ማን ያየዋል?"

"ጣቢያው ሁለቱን አብሮ ሊያስነሳ ነው። በአንዱ ቧንቧ። አራት እንደ ቁጥር ሁለት ይሞታል። አጠገቡ ሰው ይቆማል። መናገር አለብኝ።"

መክፈቻውን ወረወረው። ጆሮዬ አጠገብ ግንዱ ውስጥ ተሰካ። ከዚያ ባልተቆረጠው እጁ ጉሮሮዬን ይዞ ከግንዱ ጋር አጣበቀኝ። ወንድሜ ነው፤ ጡት ስታስጥለው እናቴ እኔ ጋር ያስተኛችው።

"ከተናገርሽ ቼላዱራይ በከንቱ ሞተ ማለት ነው" አለኝ። "እኔ ንጹሕ ሰው ገደልኩ ማለት ነው። ይገባሻል? አሁን እኮ ፓምፕ ላበላሸብኝ ሰው ነው የመታሁት። ያንን አትውሰጅብኝ።"

አየር አልነበረኝም።

"ደሞ ማን ሞርድ አለኝ? ተቆጣጣሪው መኪናው በር ላይ ሲደርስ፣ አንቺ አይደለሽ ሞረዱን ያቀበልሽኝ?"

አክስታችን ስትጮህ ለቀቀኝ። ተቀምጦ አለቀሰ፤ የታሰረ እጁን እንደ ሕፃን አቅፎ።

ሞረዱ ጠረጴዛው ላይ ነበር። ለእኔ ይቀርበኝ ነበር።

ሜይ 20

አንገቴ ላይ አምስት ጣት አለ። ሻርፕ አድርጌ ሱቅ ከፈትኩ። ሰዉ በዚህ ሙቀት ሻርፕ ምንድነው ይላል።

ሜይ 27

ከተቋራጩ ደብዳቤ መጣ። "በጠቆማችሁን መሠረት" ብሎ ይጀምራል። የናላሲቫም ቫልቮች ሁሉ ተነቅለው በሌላ ተተክተዋል፤ ቁጥር ሦስትና አራት ጁን 2 አብረው ይሞከራሉ፤ ሙሉ ሠላሳ ደቂቃ፤ እንግዶች አሉ። የፓምፕ ቤቱን ክትትል ኢሳኪን ተክታ የምትይዘው ሬጂና ናት።

በጠቆማችሁን መሠረት። ደብዳቤዬን አመኑት። ሰው ያመነኝ ለዚህ ነው፣ ሠላሳ ዓመት ቃሌን ያከበርኩት ለዚህ ነው።

ሦስት ጊዜ ስልክ አንስቼ አስቀመጥኩ። በስልክ "ምናልባት" እላለሁ። ራሴን አውቀዋለሁ።

ሜይ 28

ቆጠርኩት። ከተናገርኩ ሱቁ ይዘጋል። ሴንጎዳን ለቁጣው ምክንያት ያጣል፣ ዳኛውም ይህን ያያል። ስሜ በዚህ ከተማ ቧንቧ አይሸጥም። ዝም ካልኩ ሬጂና ጆሮዋን ታስጠጋለች።

ጎበዝ ስለሆነች ነው የምትጠጋው። ሰነፍ ብትሆን ሩቅ ትቆም ነበር።

ጁን 1፣ ጣቢያው

ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ውስጥ ነገርኳቸው። ሬጂናም ነበረች። የተቃጠለውን ሞረድ ጠረጴዛው ላይ አደረግኩት። የትኛው እንደተሞረደ፣ ለምን፣ ማን እንዳየ። ጃንዋሪ ላይ ስለ ቧንቧው ምን እንዳልኩ። ደብዳቤው ውስጥ ምን እንዳልጻፍኩ።

ሥራ አስኪያጁ ሞረዱን አይቶ አላነሳውም። "አማ፣ እናቴ፣ ወረቀቱ ላይ ያንቺ ማኅተም አለ። ነገ እንግዶች ይመጣሉ። አሁን ወረቀትሽ ይዋሻል ነው የምትይኝ?"

"አዎ።"

"ታዲያ ዛሬ የምትነግሪኝን በምን ልመን?"

ትክክል ነው። እኔም በእሱ ቦታ ብሆን እንዲሁ እላለሁ።

ሬጂና "ሠላሳውን ደቂቃ ይተዉት፤ ሦስት ደቂቃ ይስጡኝ" አለችው። "እንግዶቹ ከመምጣታቸው በፊት። ትክክል ከሆነች በሦስት ደቂቃ ይታያል፤ ካልሆነች ምንም አናጣም።"

"ማን አጠገቡ ይቆማል?"

"እኔ" አለች።

"እኔም" አልኩ። ሥራ አስኪያጁ ሊከለክል ሲል "ዕቃው የእኔ ነው" አልኩት።

ደረጃው ላይ ሬጂና ሻርፔን አየችው። "አንገትዎ ምን ሆነ?" "ወንድሜ ነው።" ራሷን ነቀነቀች። ውሃ ሰጠችኝ።

ጁን 2

ጠዋት ሁለት ሰዓት። የፓምፕ ቤቱ ወለል ታጥቦ ለእንግዶች ቀለም ተቀብቷል። የብረት ቆብ ሰጡኝ፤ ጆሮዬ ላይ ይወርዳል።

ደካማውን፣ ቁጥር አራትን፣ ለብቻው አስነሱት። ዋናው በር ዝግ ነው። መመለሻ ቅርንጫፉ ላይ መዳፌን አደረግኩ። ውሃው ሲያልፍ ይሰማኛል፤ ቧንቧው ይንቀጠቀጣል፣ ቀዝቃዛ ነው፣ ሕይወት አለው። ጤነኛ ነበር። ለብቻው ቢተዉት ዕድሜ ልኩን የሚሠራ ፓምፕ ነበር።

"አሁን ሦስትን" አለች ሬጂና።

ቁጥር ሦስት ተነሳ። ብርቱ ነው፤ ወለሉ ገፋኝ። ወንድሜ እጁ ወርቅ ነበር።

ቅርንጫፉ ውስጥ ቫልቩ ሲዘጋ ሰማሁት፤ ቀስ ብሎ የተዘጋ በር ይመስላል። መዳፌ ሥር ቧንቧው ቆመ። አልጮኸም። ዝም አለ። አዲስ ቫልቭ ነበር፤ የናላሲቫም አይደለም።

"ቆሟል" አልኩ።

"አይንኩት፣ ይሞቃል።"

"ገና ነው።"

ከዚያ ፓምፑ መጮህ ጀመረ። የኢሳኪ ወፍጮ። ሰዓት የያዘው ልጅ "አንድ ደቂቃ ከሠላሳ" አለ። ብረቱ በእጄ ሥር ሞቀ፤ ፈጀ። አላነሳሁትም። ማረጋገጥ ፈልጌ አልነበረም፤ ያን ጊዜ አረጋግጬ ነበር። አንድ ሰው ከዚህ ብረት ሳይሸሽ መቆየት ነበረበት። "ሁለት ከአሥር።" ወለሉ ጫማዬ ውስጥ ይደበድበኝ ነበር። የማሸጊያው ጠርዝ ላይ ነጭ ጭስ ወጣ።

"አጥፉ! ሁለቱንም!" ሬጂና ቆቤን ይዛ ወደ ኋላ ጎተተችኝ፤ ሁለታችንም አዲሱ ቀለም ላይ ወደቅን። ሲያጠፉት የፈላ ውሃ ከማሸጊያው ተረጭቶ የቆምንበትን ግድግዳ መታው።

ሥራ አስኪያጁ በሩ ላይ ነበር። እንግዶቹ እንዲመለሱ ሰው ላከ። ለእያንዳንዱ ፓምፕ የራሱ መመለሻ እንዲሠራ፣ መዘውሮቹም እንዲፈቱ እዚያው ቆሞ አዘዘ። ቧንቧው ከእኔ አይገዛም፤ ይህን ሳይነግረኝ አውቄያለሁ።

ሬጂና መዳፌን ቧንቧ ውሃ ሥር ይዛልኝ ቆየች። ቆዳው ተላጥቷል። "ለምን አላነሱትም?" አለችኝ። "ጠርቼዎት ነበር እኮ።"

በግራ እጄ ቆቡን አውልቄ ሰጠኋት። ደግማ ብትጠይቀኝ ኖሮ እነግራት ነበር።

ጁን 4

በግራ እጄ እየጻፍኩ ነው። ፊደሉ የልጅ ይመስላል።

ኢሳኪ ጋ ገባሁ። ፋሻው ተነስቷል። ሁሉን ነገርኩት። ጆሮውን ነክቶ "ጆሮዬን ያስጠጋሁት እኔ ነኝ" አለ። "አይደለህም" አልኩት። ሚስቱ በዚህኛው ጊዜ በዓይኗ አላስወጣችኝም፤ በአፏ ነው።

ጁን 6፣ ኮይምባቶር

ፖላቺ ሄጄ ሴንጎዳንን አመጣሁት። ስለ ሙከራው ነገርኩት። አልተቆጣም። አውቶቡስ ውስጥ ጭንቅላቱን ትከሻዬ ላይ አድርጎ ተኛ፤ ፖሊስ ጣቢያው በር ላይ ሲደርስ ብቻ "አካ፣ ግቢ አብረሽኝ" አለ።

ቀድሜ ወደ ቼላዱራይ እናት ቤት ሄጄ ነበር። በሩን አልከፈተችም። በሩ ላይ ሆኜ "ልጅሽ ቫልቩን በትክክል ነው የገጠመው፤ ምንም አላጠፋም" አልኳት። ጠበቅኩ፤ ከዚያ ሄድኩ።

ጸሐፊው ፖሊስ ሻይ እየጠጣ የሴንጎዳንን ቃል ጻፈ። ሲጨርስ "አንቺስ አማ፣ አጅበሽው ነው የመጣሽው?" አለኝ።

"አይደለም። ያን ቀን አራት ሰዓት ላይ እንደሚጭኑ፣ ዘበኛውም እንደሌለ የነገርኩት እኔ ነኝ። ሞረዱን ያቀበልኩትም እኔ ነኝ።"

ሴንጎዳን ቀና ብሎ አየኝ።

ፖሊሱ ብርጭቆውን አስቀምጦ አዲስ ገጽ ገለጠ። "የምን ሞረድ? እኔ የያዝኩት የድብደባ ጉዳይ ነው። የትኛውን ነው የማስቀድመው?"

"ሞረዱን" አልኩት። "ከሱ ነው የጀመረው።"